እትብቷ ሳይቆረጥ

መጀመሪያ የመጣው የትንፋሽ ማጠር ነው። የእኔ ትንፋሽ ማለቴ ነው። ስድስተኛ ወሬን እንደጨረስኩ፣ የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ደረጃ ላይ ጥቂት ወጣ ስል ደረቴ ይያዝ ጀመር። በጀርባዬ ስጋደም ደግሞ ሰው ሆዴ ላይ የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ሆዴ ከወሩ ቀድሞኝ ሄዷል። ቆዳዬ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ልጅቷ ስትንቀሳቀስ እንኳ ከሩቅ ያለች ያህል ነው የሚሰማኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ወይንሸት፣ አባታቸው በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር የቀሩ፣ ጅቡቲ ተወልደው ጅቡቲ ያረጁ ሴት ናቸው። ሆዴን በዓይናቸው ለክተው «መንታ ነው፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉኝ። ቢሮ ያሉት ደግሞ «የዚህ አገር ውሃ ነው» አሉ። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል። እግር ቢያብጥ፣ ፀጉር ቢረግፍ፣ ሻይ ባይጥም እኛ ሐበሾች ጥፋቱን የምንጥለው በእሱ ላይ ነው። እኔም ጣልኩበት። ባለቤቴ ታደለ ከአዲስ አበባ ዶራሌ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየጉዞው ናዝሬት ላይ ይቆምና እናቴ በጀሪካን የሞላችለትን ውሃ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣልኛል። ጥርስ የሚያበልዘውን የናዝሬት ውሃ በረሃ አሻግሮ ለእርጉዝ ማጠጣት ከእኛ በቀር ማን ያስበዋል? ጠጣሁት። ሆዴ ግን ማደጉን አልተወም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ መንታ ነው ውሃ ነው እየተባባልን ስንሳሳቅ ሳምንታት አለፉ።

ነገሩ በእርግጥም ውሃ ነበር። ግን እኔ የጠጣሁት አልነበረም። ልጄ መዋጥ ያቃታት የእንሽርት ውሃ ነበር።

ይህን የነገረችኝ የማህፀን ሐኪሟ ናት። ጅቡቲያዊት ናት፤ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። እዚህ ኤኮግራፊ የሚሉትን አልትራሳውንድ ሆዴ ላይ እያንሸራተተች ሳለ «አንድ ነው ሁለት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አንድ ናት» አለች።

ከዚያ እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆየ። ሐኪም ስክሪን እያየ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያላየው አያውቀውም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ከልጅቷ አገጭ ሥር ጭንቅላቷን የሚያህል እብጠት ተንጠልጥሏል። አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። «ቴራቶማ ይባላል» አለች። «ዕጢ ነው። የምግብ ቱቦዋን ስለተጫነው ውሃውን መዋጥ አልቻለችም፤ ለዚህ ነው ውሃው የበዛው። የአየር ቧንቧዋንም ተጭኖታል።»

«ካንሰር ነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ የዕጢው ዓይነት አይደለም፤ የበቀለበት ቦታ ነው። ሆድሽ ውስጥ እስካለች ድረስ አየር አያስፈልጋትም፤ በእትብቷ በኩል አንቺ ትተነፍሺላታለሽ። እትብቷ ከተቆረጠ በኋላ ግን የምትተነፍስበት መንገድ የለም።»

ለእናንተ ይህን ለምታነቡት፣ ምናልባትም ተመሳሳይ ስክሪን ፊት ተቀምጣችሁ ለመጣችሁት፣ ያን ቀን የተሰማኝን አልደብቅም። መሞት ፈለግሁ። ከሆስፒታሉ በር ወጥቼ የፀሐዩ ግለት ሲመታኝ፣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ የምትሞተው በምትወለድበት ደቂቃ ነው።

እኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ ናዝሬት እናቴ ክፍሉን ኖራ አስቀብታለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ታደለ ከእኔ ጋር ገባና ሐኪሟን ለመናት። በሱማሌኛ ነው የለመናት፤ መንገዱ ያስተማረው ሱማሌኛ አለው።

«ጋቢናው ውስጥ ፍራሽ አነጥፍላታለሁ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ላድርሳት።»

«በረሃው መካከል ምጥ ቢመጣ?»

«በየከተማው ጤና ጣቢያ አለ።»

«ጤና ጣቢያው ያዋልዳታል» አለች። «ከዚያስ?»

አውሮፕላንም ጠየቅን። ማህፀኔ ከልኩ በላይ ስለተወጠረ ምጡ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ እንደሚችል፣ አየር ላይ ከመጣ ደግሞ ከበረሃውም እንደሚብስ ነገረችን። አልሄድንም። በእኔ ፈንታ እናቴ መጣች፤ ከታደለ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ጭና፣ ዕድሜዋን ሙሉ አይታው የማታውቀውን ባሕር አይታ ገባች። ወረፋ ይዘው የሚጠብቁ መኪናዎች ዶራሌ መንገድ ላይ እንደተሰለፉ ነበር፤ እናቴ ስለ እነሱ ብቻ ነው ያወራችው። ፈርታ እንደነበር የገባኝ በዚህ ነው።

ሐኪሞቹ ያሰቡት ነገር ኤግዚት ይባላል። ልጅቷ በቀዶ ሕክምና ጭንቅላቷና ትከሻዋ ብቻ ይወጣል፤ ቀሪው አካሏ ማህፀን ውስጥ ይቆያል። እትብቱ አይቆረጥም። የእንግዴ ልጁ እየሠራ፣ በእኔ ደም እየኖረች፣ በአፏ በኩል እስከ አየር ቧንቧዋ ድረስ ቱቦ ይገባል፤ ኢንትዩቤሽን የሚሉት ነው። በአፏ ካልገባ አንገቷን ቀደው ይሞክራሉ። ከገባ በኋላ ብቻ እትብቷ ይቆረጣል።

የማደንዘዣ ሐኪሙ የውጭ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ፂሙን የማይላጭ፣ ሲናገር ዓይን ለዓይን የሚያይ።

«ማዳም፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ይህን ሥራ በእጄ የሠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ያ ልጅስ?»

«አልተረፈም። ለምን እንዳልተረፈ ግን አውቃለሁ። ማህፀኑ ቶሎ ተኮማተረና እትብቱ መሥራት አቆመ። የእርስዎ እንዳይኮማተር መድኃኒት እሰጣለሁ። ያልተኮማተረ ማህፀን ደግሞ ይደማል። አደጋው የሁለታችሁም ነው።»

ሰው ሲያጽናናኝ ይከፋኛል። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም» ካለኝ ሰው ሁሉ ይልቅ የዚህ ሰውዬ ንግግር በእግሬ አቆመኝ። ሐኪሟን ግን አንድ ነገር ለመንኳት፤ ብደማም ቱቦው ሳይገባ እትብቷን እንዳይቆርጡ። «አይሆንም» አለች።

ደም ያስፈልግ ነበር። ታደለ ዶራሌ ሄዶ ለጓደኞቹ ተናገረ። በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ግቢ በሹፌሮች ተሞላ። የማራገፊያ ወረፋቸውን ትተው የመጡ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ከበረሃ አቧራ ጋር የመጡ ሰዎች። አንዱ ክንዱን ለነርሷ እየሰጠ «እህቴ፣ ይሄ ደም ናፍጣ ናፍጣ እንዳይሸታት» አለ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልሳቅሁም።

ቀኑን እኛ አልመረጥነውም። የበዛውን ውሃ በመርፌ ቀንሰውልኝ ነበር። ትንሽ ቀለል አለኝ። ከቀናት በኋላ ግን ወገቤን ቆረጠኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። እናቴ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ማርያም፣ ማርያም» አለች። ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ መረመረችኝና «አሁን ነው» አለች።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ሰው ሞልቶበታል። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ሙሉ ለሙሉ የሚተኙ እናቶች አሉ። እኔ ነቅቼ ነበር። ደረቴ ላይ መጋረጃ ተከለለ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ አለች። ከወዲህ እኔ።

የማደንዘዣ ሐኪሙ ጎንበስ አለ።

«አታለቅስም» አለኝ። «እንዳይጠብቁ። ካለቀሰች አየር እየሳበች ነው ማለት ነው፤ ገና ነው። ዝም ማለቷ ጥሩ ነው።»

ሆዴ ሲጎተት ተሰማኝ። ሕመም አይደለም። መጎተት ነው። ከዚያ የሐኪሟ ድምፅ፤ «ጭንቅላቷ ወጥቷል። አትሳቡ። ተዉት።»

አዋላጇ እትብቱን በሁለት ጣቷ ይዛለች። አይታየኝም። ድምጿ ግን ይሰማኛል። ሥራዋ የልጅቷን የልብ ምት በጣቷ ማዳመጥ ነው። በፈረንሳይኛ «ይመታል» ትላለች። ዝም ትልና እንደገና «ይመታል።»

ቱቦው ተሞከረ። አልገባም።

«ይመታል።»

«የአየር ቧንቧዋ የለም» አለ አንድ ድምፅ። «ወደ ጎን ሄዷል። አይታየኝም።»

«ይመታል።»

ሁለተኛ ተሞከረ። አልገባም። የመምጠጫ ማሽን ጮኸ። አንድ ሰው «ደም» አለ። የእኔን ደም ነው። ከላይ ከረጢት ተሰቀለ። የሹፌሮቹ ደም ወደ እኔ ይወርዳል፤ ከእኔ ወደ እሷ። ይህን አስቤ ነበር። እሱን ብቻ ነበር የማስበው።

አዋላጇ ዝም አለች።

ጠበቅሁ። «ይመታል» አላለችም።

ጣራው ላይ መብራት ነበር። ማርያምን ጠራኋት። ድምፅ አውጥቼ እንደሆነ አላውቅም።

«እየቀነሰ ነው» አለች አዋላጇ።

ሐኪሟ «አንገቷን ልትቀድዱ ነው?» አለች። የማደንዘዣ ሐኪሙ «አንድ ጊዜ ልሞክር» አለ። «ዕጢውን ወደ ላይ አንሱልኝ። በእጃችሁ። ወደ ላይ።»

አነሱለት።

ቱቦውን እንደገና ገፋ።

«ገባ» አለ።

የአየር ፊኛ ሲጨመቅ ይሰማኛል። አንዴ። ደግሞ። «ደረቷ ይነሳል» አለ ሌላው። ከዚያ የሐኪሟ ድምፅ፤ «ቁረጡ።»

እትብቷ ተቆረጠ። አላለቀሰችም። እኔ ግን አለቀስኩ።

ኮሪደሩ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። እናቴ እልልታዋን ይዛ በሩ ሥር ቆማለች። ልጅ ስታለቅስ ሲሰማ ነው እልል የሚባለው፤ ምንም የሚሰማ ነገር የለም። ነርሶቹ ልጅቷን በጋሪ እየገፉ ሲወጡ፣ የራሷን ምራት ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሱማሌ እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታ ልትጀምር ስትል፣ እናቴ ክንዷን ያዘቻት። ቋንቋ አይግባቡም። እጇን ብቻ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ጋሪውን ተከትለው በዝምታ ሄዱ።

አልጋዬን ከበው የቆሙት የሰፈር ሴቶችም እንዲሁ ጨነቃቸው። ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ልጅቷ ትተርፍ አትተርፍ ስላልታወቀ ማን ይበለው? እትዬ ወይንሸት «እንኪ፣ ብይ» ብቻ አሉኝ። ገንፎው ተገነፋ፤ በዝምታ ተበላ። ማንም አልመረቀኝም። ያንን ቃል ያህል ቃል ተርቤ አላውቅም።

ዕጢው ከቀናት በኋላ ወጣ። አደገኛ አልነበረም። ነገር ግን ለወራት ተጭኖት የቆየው የአየር ቧንቧዋ ለስልሶ ስለቀረ፣ ቱቦውን ከአፏ ሲያወጡት ቧንቧው በራሱ ላይ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ትራኪኦስቶሚ ተሠራላት፤ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ትንሽ ቱቦ ገባ። አየሩ በዚያ ያልፋል፤ በድምፅ ሳጥኗ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ድምፅ የላትም። ስትራብ ታለቅሳለች፤ አፏ ይከፈታል፣ ፊቷ ይቀላል፣ እንባዋ ይወርዳል፤ ምንም አይሰማም። ፊትሽን ካዞርሽ ልጅሽ ማልቀሷን አታውቂም። እኔና እናቴ ተራ ገብተን ፊቷን እናይ ነበር። አንዳችን ስናያት ሌላችን እንተኛለን።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት አክታውን በማሽን መምጠጥና ቱቦውን መቀየር አስተማሩን። እኔ ተማርኩ። እናቴም ተማረች፤ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ድረስ እየታጠበች። የጅቡቲ በጋ ግን አላስተማሩንም። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲነሳ አክታው ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። መብራትም የሚጠፋው ያኔ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ተቀምጦ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። ማሽኑ በመሃል ቆመ። ቱቦው ተዘጋ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። መንገድ ላይ ታክሲ የለም።

ቱቦውን ነቀልኩት።

እናቴ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። ቀዳዳው ሊጠብ ጀመረ። አዲሱን ቱቦ ገፋሁ። አልገባ አለ። «አዘንብዪው» አለች እናቴ። አዘነበልኩት። ገባ። አየሩ ሲያፏጭ ሰማሁ።

ታደለ ከጉዞ ሲመለስ ነገርነው። ወጥቶ ሄደ፤ ሲመለስ ከጓደኞቹ አንዱ የሰጠውን የከባድ መኪና ባትሪ በትከሻው ተሸክሟል። ከኢንቨርተር ጋር አገናኘውና ማሽኑን በእሱ አስነሳው። ያ ባትሪ ከልጄ አልጋ ሥር አንድ ዓመት ከምናምን ተቀመጠ። ታደለ ጋቢናው ውስጥ ከነበረው የማርያም ሥዕል ጎን ለጎን የሚያከብረው ዕቃ እሱ ነበር።

ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ሌላ ጭንቀት መጣ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ውሃ ውስጥ ትነከራለች። የእኔ ልጅ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ውሃ ከገባባት ትሰምጣለች። እናቴ «ክርስትና ሳትነሳ ብትሞትስ?» ትላለች። እኔ «ክርስትና ስትነሳ ብትሞትስ?» እላለሁ። ለብዙ ቀን ተኮራረፍን። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ጋ ሄድኩና ፎጣውን ገልጬ ቀዳዳውን አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት።

«ከየት እስከ የት ነው የማይነካው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው።

«በዪ እንግዲህ። ውሃው ለእሷ ተሠራ እንጂ እሷ ለውሃው አልተሠራችም» አሉ።

ጭንቅላቷን እኔ ቀና አድርጌ ይዤ፣ ታደለ መዳፉን ከአንገቷ ሥር ግድግዳ አድርጎ፣ ካህኑ በእጃቸው እየጨለፉ እግሯንና ወገቧን አጠመቋት። ስሟ ሜሮን ተባለ። ውሃው ቀዝቅዟት አለቀሰች። አፏ ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አፏን አየ፤ ማንም ምንም አልሰማም።

በዚህ መንገድ ላይ ላላችሁት ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ሆድ ከወሩ ከቀደመ መንታ ነው፣ ውሃ ነው አትበሉ፤ ሐኪም ዘንድ ታዩ። የፅንሱ አንገት ላይ ነገር አለ ከተባላችሁ፣ የምትወልዱበትን ቦታ የምትመርጡት በዘመድ አይሁን። ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «እትብቱ ሳይቆረጥ ቱቦውን የሚያስገባ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ ወይ?» ከሌለ፣ ምጥ ሳይመጣ ወዳለበት ሂዱ። ትራኪኦስቶሚ ከተሠራ ትርፍ ቱቦ ሳይዙ ከቤት አይወጣም፤ መቀየሩንም ከአንድ ሰው በላይ ይማረው። ሕመሙን ለጎረቤት ንገሩ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ሁሉም ልጅ እንደማይተርፍ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እዚያው ሆስፒታል ባዶ እጇን የወጣች እናት አይቻለሁ። ለእሷ የምሰጣት ምክር የለኝም።

ሐኪሟን፣ የማደንዘዣ ሐኪሙን፣ ጣቷን ከእትብቱ ላይ ያላነሳችውን አዋላጅ፣ ስማቸውን ሳላውቅ ደማቸው በእኔ ውስጥ የሚዞረውን ሹፌሮች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሜሮን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ድምጿ ሻካራ ነው፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም በሱማሌኛም ትጨቃጨቃለች። አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ የሚጠይቃትን ሰው «የትንፋሼ ቁልፍ ነበር» ትለዋለች።

የመጨረሻው ምስጋናዬ የእናቴ ነው። ለአንድ ወር ብላ መጥታ ዓመት አልፏት ከእኛ ጋር ቆየች። ሜሮን ዓመት ካለፋት በኋላ ሐኪሞቹ ቱቦውን በትንሽ በትንሹ እየደፈኑ ሞከሯት፤ ከዚያ አንድ ጠዋት አወጡት። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ መግባት አልቻልኩም አለች። ነርሷ ቀዳዳው ላይ ፋሻ አደረገችና ፕላስተሩን አንዴ ተሳስታ ስትነቅለው ልጄን አመማት። አፏን ከፈተች። እኔ እንደለመድኩት ፊቷን አየሁ።

ድምፅ ወጣ። ዝግ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዘይት እንዳጣ በር። አለቀሰች። ተሰማች።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ እልል አለች። ከዓመት በላይ አፏ ውስጥ ይዛው የቆየችውን እልልታ ለቀቀችው፤ ነርሶች ከየክፍሉ ወጡ። ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች። ልጅቷን አላየችም። ወደ እኔ መጣች፤ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።